ስለ አገጭ ቀዶ ሕክምና የሚባለውና እውነቱ

እ.ኤ.አ. በ2013 ቻላቸው ሥዩም የተባለ ኢትዮጵያዊ ተማሪ፣ አፋር ውስጥ በሌዲ ገራሩ በረሃ አምስት ጥርሶች ያሉት ግማሽ መንጋጋ አገኘ። ዕድሜው 2.8 ሚሊዮን ዓመት ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ግኝቱ ይፋ ሲደረግ፣ እኛ ካለንበት የሆሞ ወገን እስከዚያ ከተገኙት ሁሉ ቀዳሚው ቅሪት ተባለ። የዚህ መንጋጋ ፊት ወደ ኋላ ያዘነብላል፤ አገጭ የለውም። እ.ኤ.አ. በ1974 ሐዳር ላይ የተገኘችው ድንቅነሽም አገጭ አልነበራትም። ኒያንደርታሎችም እንዲሁ። ከታችኛው መንጋጋ ጫፍ ወደ ፊት ወጣ ያለችው ያቺ አጥንት የዘመናዊው ሰው ብቻ ምልክት ናት። በአገራችን ከተገኙት መካከል አገጭ ያለው የኦሞ ኪቢሽ ሰው ሲሆን፣ በ2022 የወጣ ጥናት ዕድሜውን ቢያንስ ወደ 230,000 ዓመት አድርሶታል። አገጭ ለምን እንደመጣ ግን ተመራማሪዎች ዛሬም አልተስማሙም። ለማኘክ ነው የሚል አለ፤ ለንግግር ነው የሚል አለ፤ ፊት እያጠረ ሲሄድ እንዲሁ የተረፈ አጥንት ነው የሚልም አለ።

ይህን ማንሳቴ «አገጩ የገባ ሰው ቆራጥ አይደለም» ለሚሉ ሰዎች መልስ ስላለበት ነው። ይህ አባባል በአውሮፓ የተስፋፋው ከ18ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ነው፤ ላቫተር የተባለ የስዊዘርላንድ ቄስ የሰውን ጠባይ ከፊቱ አነባለሁ ብሎ በጻፋቸው መጻሕፍት ትልቅ ዝና አግኝቶ ነበር። ፊልም ሠሪዎች ደግሞ ጀግናውን ባለ ሰፊ አገጭ፣ ፈሪውን አገጭ አልባ እያደረጉ አጸኑት። ጠባይን ከአገጭ ጋር የሚያያይዝ ማስረጃ የለም። አዋሽ ሸለቆ ውስጥ ለሚሊዮኖች ዓመታት ከአውሬና ከድርቅ ጋር ታግለው ዘር ያተረፉት ሁሉ አገጭ አልባ ነበሩ።

አሁን ወደ ዛሬው ሰው እንምጣ። ገላፊ ኬላ ላይ ተሳቢና ቦቴ ተሰልፎ ተራ ሲጠብቅ ሹፌርና ረዳት ጥላ ፈልገው ስልካቸውን ይከፍታሉ። ከኢስታንቡልና ከዱባይ የሚለቀቀው «በፊት» እና «በኋላ» የሚል የፊት ምስል እዚያም ይደርሳል፤ ሰመራም፣ ሎጊያም፣ አዋሽ ሰባት ኪሎም ያሉ ወጣቶች ያዩታል። ከዚያ የሚመጣው ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፦ ሲሊኮን ማስገባት ይሻላል ወይስ አጥንቱን ማስቆረጥ? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ግን ሁለተኛ ጥያቄ ነው። መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት አገጩ ያነሰው ከምን የተነሳ ነው የሚለው ነው። ከዚህ በታች ያሉት የተሳሳቱ አመለካከቶች አብዛኞቹ የሚፈጠሩት ይህ ሲዘለል ነው።

«አገጭና መንጋጋ ያው ነው»

አይደለም። አገጭ የታችኛው መንጋጋ የፊት ጫፍ ነው። አንዳንዱ ሰው መንጋጋው በልኩ አድጎ፣ ጥርሱ በደንብ ገጥሞ፣ ጫፏ ብቻ ታንስበታለች። ሌላው ደግሞ መንጋጋው በሙሉ ወደ ኋላ ቀርቷል። የሁለቱ ፊት ከጎን ሲታይ ይመሳሰላል፤ ሕክምናቸው ግን ይለያያል።

መለያው ጥርስ ነው። አፍዎን ገጥመው መስታወት ይመልከቱ። የላይኛው የፊት ጥርስ ከታችኛው በጣም ቀድሞ ከወጣ ችግሩ ያለው መንጋጋው ላይ ሊሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ «ገጣጣ» ተብሎ የሚቀለድበት ሰው የላይኛው ጥርሱ ሳይሆን የታችኛው መንጋጋው ነው ጥፋተኛው። እንዲህ ያለ ሰው አገጩ ላይ ሲሊኮን ቢያስገባ ፎቶው ያምርለት ይሆናል፤ ጥርሱ ግን እንደ ቀድሞው አይገጥምም። ትክክለኛው መንገድ በጥርስ ብረት ጥርስን አስተካክሎ፣ ከዚያ መንጋጋውን ግራና ቀኝ ሰንጥቆ ወደ ፊት ማምጣት ነው። ሥራው ከዓመት በላይ ሊወስድ ይችላል። ሕመምተኛው ይህን ሁሉ አውቆ «እኔ አገጩ ብቻ ይበቃኛል» ካለ መብቱ ነው። ችግሩ ምርጫ እንዳለው ሳይነገረው ሲቀር ነው።

«ሲሊኮን ማስገባት ቀላል ነው፤ አጥንት መቁረጥ ግን ጭካኔ ነው»

እዚህ ላይ ረጋ ብለን እንይ፤ ምርጫው ያለው እዚህ ነውና።

ኢምፕላንት የሚባለው ለአገጭ ተቀርጾ የተሠራ ቁራጭ ነው። ብዙውን ጊዜ ጠጣር ሲሊኮን ነው፤ ቀዳዳ ቀዳዳ ካለው ፖሊኢታይሊን የሚሠራም አለ። ሐኪሙ ከአገጭ ሥር ባለው እጥፋት ወይም ከታችኛው ከንፈር በስተውስጥ ትንሽ ይቀድና አጥንቱ ላይ ቦታ አበጅቶ ያስቀምጠዋል፤ አንዳንዱ እንዳይንሸራተት በብሎን ያስረዋል። ሥራው አጭር ነው፤ ሙሉ ማደንዘዣ ላያስፈልግ ይችላል። ካልተወደደ ይወጣል። «ሲሊኮኑ ፈንድቶ ይፈሳል» የሚለው ስጋት ከጡት ኢምፕላንት የመጣ ነው፤ የአገጩ ጠጣር ስለሆነ የሚፈስ ነገር የለውም።

ይሁንና ባዕድ ነገር ነው። ሊመግል፣ ሊንሸራተት፣ ከሥሩ ያለውን አጥንት ቀስ በቀስ ሊበላ ይችላል። ከመገለ አብዛኛውን ጊዜ መውጣት አለበት። ደግሞም የሚያደርገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አገጩን ወደ ፊትና በመጠኑም ወደ ጎን ማስፋት። ረጅም አገጭ አያሳጥርም፤ ወደ አንድ ጎን የዞረውንም በሚገባ አያቃናም።

ጂኒዮፕላስቲ የሚባለው ደግሞ የራስን አጥንት መጠቀም ነው። ሆፈር የተባለ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1942 አሳየው፤ በ1957 ደግሞ ትራውነርና ኦብቬጌዘር ውጪ ጠባሳ እንዳይተው በአፍ ውስጥ ገብተው የሚሠሩበትን መንገድ ጻፉ። ዛሬም የሚሠራው በዚያው መንገድ ነው። ከታችኛው ከንፈር ውስጥ ተቀዶ፣ ከጥርስ ሥሮችና ከነርቩ ቀዳዳ በታች አጥንቱ በአግድም ይቆረጣል። የተቆረጠው ክፍል እንደ መሳቢያ ወደ ፊት ይሳባል፤ በታይታኒየም ሰሌዳና ብሎን ይታሰራል፤ ከዚያ እንደ ማንኛውም ስብራት ይገጥማል። አጥንቱ 10 ሚሊሜትር ቢወጣ በላዩ ያለው ሥጋ ከ8 እስከ 10 ሚሊሜትር ይከተለዋል። ወደ ላይ ማሳጠር፣ ወደ ታች ማስረዘም፣ ወደ ጎን ማቃናትም ይቻላል። ዋጋው ይበልጣል፤ እብጠቱ ይቆያል፤ አብዛኛውን ጊዜ ሙሉ ማደንዘዣ ይፈልጋል፤ የሚሠራውም የፊት አጥንት የተማረ ሐኪም መሆን አለበት።

አንድ ልዩነት አለ፤ ለጅቡቲ መንገድ ሹፌሮች በተለይ መነገር ያለበት ነው። የምላስ ጡንቻ የሚያያዘው ከአገጭ አጥንት በስተጀርባ ነው። አገጩና መንጋጋው የገባ ሰው ሲተኛ ምላሱ ወደ ኋላ ወርዶ ትንፋሹን ሊዘጋው ይችላል። ሌሊቱን ሲያንኮራፋ፣ ሲታፈንና ሲባንን ያድራል፤ ቀን ደግሞ መሪ ይዞ ያንቀላፋል። ከአዋሽ እስከ ገላፊ ባለው ረጅም፣ ሞቃትና አሰልቺ መንገድ ላይ ይህ ምን እንደሚያስከትል መንገዱን የሚያውቅ ያውቀዋል። አጥንቱ ሲሳብ ጡንቻው አብሮ ይሳባል፤ ለትንፋሽም በመጠኑ ሊረዳ ይችላል። ከፊት የተለጠፈ ሲሊኮን ግን ለትንፋሽ ምንም አይሠራም። እንዲህ ያለ ምልክት ያለበት ሰው ስለ ውበት ከመነጋገሩ በፊት ስለ እንቅልፉ ለሐኪም ይናገር።

እንግዲህ የቱ ይሻላል? ጥርሱ የገጠመ፣ የአገጩ ቁመት ልኩ የሆነ፣ ትንሽ ወደ ፊት መውጣት ብቻ የጎደለው ሰው ኢምፕላንት ቢመርጥ አልተሳሳተም። አገጩ በጣም የገባ፣ የረዘመ፣ ያጠረ ወይም የተጣመመ፣ ወይም ቀድሞ ያስገባው ኢምፕላንት የመገለበት ሰው ግን በእኔ እይታ በሲሊኮን መሸንገል የለበትም። ዕድገቱን ያልጨረሰ ልጅ ደግሞ ለውበት ብሎ ሁለቱንም አይቸኩልባቸው።

«ከንፈሬ ደነዘዘ፤ ሥራው ተበላሽቷል»

የታችኛውን ከንፈርና የአገጭን ቆዳ የሚያነቃው ነርቭ ከመንጋጋው የሚወጣው ከሁለተኛው ትንሹ መንጋጋ ጥርስ አካባቢ፣ ከሥሩ ባለች ቀዳዳ ነው። በሁለቱም ሕክምናዎች ይነካካል፤ ስለዚህ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት መደንዘዝ የተለመደ ነው። በአብዛኛው ይመለሳል። በጥቂቶች ላይ ግን ሳይመለስ ይቀራል፤ ይህን «አይደርስም» የሚል ሐኪም አይመኑ።

ጠባሳም እንዲሁ አስቀድሞ ይነሣ። ጥቁር ቆዳ ላይ ያበጠና እያደገ የሚሄድ ጠባሳ፣ ኬሎይድ የሚባለው፣ ይበዛል፤ የመንጋጋ መስመር ደግሞ ከሚወዳቸው ቦታዎች አንዱ ነው። ጆሮዋን ስትበሳ ያበጠባት፣ ክትባት የተወጋበት ክንዱ ያበጠበት ሰው ይህን ለሐኪሙ ይንገር፤ ከአገጭ ሥር ከመቀደድ በአፍ ውስጥ መግባት ሊመረጥ ይችላል።

«መቃም አገጭ ያወጣል»

ማስቲካ ማላመጥም አብሮ ይነሣል። በብዛት ማኘክ የሚያሳድገው በመንጋጋ ጥግ ያለውን ጡንቻ ነው፤ ያውም ጫት በአንድ ጉንጭ ለሚይዝ ሰው በአንድ ወገን። ፊት ከጎን ይሰፋል እንጂ አገጭ ወደ ፊት አይወጣም። በኢንተርኔት የሚነገረው «ምላስን ላንቃ ላይ በመለጠፍ መንጋጋ ይበቅላል» የሚል ትምህርትም የአዋቂን አጥንት ሲለውጥ አልታየም። ዋና አቀንቃኙ እንግሊዛዊ የጥርስ ሐኪም ማይክ ሚው በ2024 ከሙያ መዝገብ ተሰርዟል።

ጫት ከቀዶ ሕክምና ጋር በሌላ በኩል ግን ይገናኛል። የልብ ምትንና የደም ግፊትን ስለሚጨምር ማደንዘዣ ሰጪው ማወቅ አለበት፤ አፍሮ አይደበቅም። ከሥራው በኋላ ደግሞ አፍ ውስጥ የተሰፋ ቁስል ላይ ቅጠል ማኘክ ስፌቱን መፍታትና ቆሻሻ መጨመር ነው። ሲጋራም ቁስሉን ያዘገያል። ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ምግቡ ሾርባ፣ አጥሚትና ወተት ነው፤ የግመል ወተት ባለበት አገር ይህ ብዙ አያስቸግርም።

«መርፌ ብቻ ነው፤ የውበት ሳሎን ውስጥም ይወጋል»

ፊለር የሚባለው፣ በተለይ ከሃያሉሮኒክ አሲድ የሚሠራው፣ አገጭን ለጊዜው ያወጣል። ከወራት እስከ ዓመት ተኩል ቆይቶ ይሟሟል፤ ስለዚህ ለመሞከር የሚፈልግ ሰው ሊመርጠው ይችላል። ቀላል መባሉ ግን ያሳስታል። ፊለሩ ደም ሥር ውስጥ ከገባ ያ ደም ሥር የሚመግበው ቆዳ ሊነጣ፣ ሊጠቁር፣ ሊሞት ይችላል፤ ፊት ላይ በተወጋ ፊለር የዓይን ብርሃናቸውን ያጡ ሰዎች አሉ። ፊለሩን የሚያሟሟ መድኃኒት አለ፤ ግን በሰዓታት ውስጥ መሰጠት አለበት። መድኃኒቱ እዚያው ክፍል ውስጥ ከሌለ፣ የሚወጋውም የፊት ደም ሥሮችን ያልተማረ ከሆነ ፊትዎን አይስጡት። ፈሳሽ ሲሊኮን እንወጋልዎ ካሉ ደግሞ ተነሥተው ይውጡ። እሱ የሚያሟሟ መድኃኒት የለውም፤ በሥጋ ውስጥ ተሠራጭቶ ይቀራል፤ ከዓመታት በኋላም ያብጣል።

ስብ ከሆድ ቀድቶ አገጭ ላይ መወጋትም አለ። የራስ ስለሆነ አይከፋም፤ ነገር ግን ከፊሉ በሰውነት ስለሚመጠጥ ምን ያህሉ እንደሚቀር አስቀድሞ ማወቅ አይቻልም።

«ውብ አገጭ መለኪያ አለው»

ሐኪሞች መስመር ያሰምራሉ። ከታወቁት አንዱ ሪኬትስ የተባለ አሜሪካዊ የጥርስ ሐኪም ያወጣው ነው፤ ከአፍንጫ ጫፍ ወደ አገጭ ጫፍ የተሰመረ፣ ከንፈሮች ከእሱ በስተኋላ መሆን አለባቸው የሚል። መስመሩ የተወሰደው ከነጮች ፊት ነው። ወፍራም ከንፈር ያለው ጤነኛ ኢትዮጵያዊ በዚህ መስመር ቢለካ «አገጩ ገብቷል» ሊባል ይችላል፤ መስመሩን ለማሟላት ቢሠራለት ደግሞ አገጩ ከፊቱ በላይ ይሆናል። ዓላማዎ የራስዎን፣ የቤተሰብዎን ፊት ማጣት ካልሆነ፣ ሐኪሙ በየትኛው ሕዝብ ልክ እንደሚለካዎ ይጠይቁ።

የስልክ ካሜራም ይዋሻል። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ጥናት፣ ከፊት 30 ሴንቲሜትር ገደማ ርቆ የተነሣ ሰልፊ ከሜትር ተኩል ርቀት ከተነሣው ጋር ሲነጻጸር አፍንጫን 30 በመቶ ያህል አስፍቶ እንደሚያሳይ አስልቷል። በዚያ ፎቶ ተናዶ ቀጠሮ የሚይዝ ሰው የሚያሳክመው የካሜራውን ጥፋት ነው። በተቃራኒው፣ አፍንጫዬ ትልቅ ነው ብሎ የመጣ ሰው አገጩ ሲስተካከል አፍንጫው ሳይነካ ልከኛ ሆኖ የሚታይበት ጊዜ አለ።

«ሲወለድ ጀምሮ አገጭ የለውም፤ የፈጣሪ ሥራ ነው»

እስካሁን የተናገርነው ገንዘብ ይዞ ስለሚመርጥ ሰው ነው። አፋር ውስጥ በጣም የሚያስጨንቀኝ ግን ይህ የመጨረሻው ነው።

አፉን በደንብ መክፈት የማይችል፣ አገጩ ወደ አንገቱ የገባ፣ ወይም ወደ አንድ ጎን የዞረ ልጅ ካለ፣ ሁልጊዜ ከሆድ ጀምሮ የመጣ አይደለም። የታችኛው መንጋጋ ዋና የማደጊያ ቦታ ከጆሮ ፊት ያለው መገጣጠሚያው ነው። ልጅ ፍየል ሲያግድ ከድንጋይ ላይ ወድቆ አገጩን ቢመታ፣ ኃይሉ ወደዚያ መገጣጠሚያ ሄዶ ሊሰብረው ይችላል። አገጩ ላይ ያለው ትንሽ ቁስል ይድናል፤ ማንም ልብ ያላለው መገጣጠሚያ ግን በአጥንት ሊገጥም ይችላል። ሳይታከም የቆየ የጆሮ መግልም እዚያው ደርሶ ተመሳሳይ ጉዳት ሊያደርስ ይችላል። ያን ጊዜ አፍ ይቆለፋል፤ መንጋጋ ማደግ ያቆማል፤ ፊት ሲያድግ አገጩ ይቀራል። ልጁ ምግብ በጥርሱ ክፍተት ያሾልካል፤ ጥርሱ ይበሰብሳል፤ ሌሊት ትንፋሹ ያጥረዋል።

እዚህ ላይ ሲሊኮንም ሆነ ጂኒዮፕላስቲ መጀመሪያ አይመጣም። መጀመሪያ የተቆለፈው መገጣጠሚያ ይለቀቃል፤ ብዙ ጊዜ በልጅ ላይ ከጎድን አጥንት ጫፍ ተወስዶ ይተካል። ከዚያ ለወራት በየቀኑ አፍ የመክፈት ልምምድ ይደረጋል፤ ልምምዱ ከቀረ መልሶ ይቆለፋል። መንጋጋው በጣም አጭር ከሆነ አጥንቱን ቆርጦ በመሣሪያ በቀን አንድ ሚሊሜትር ያህል እየሳቡ ማስረዘምም አለ። አገጩ በመጨረሻ ይስተካከላል። ቅደም ተከተሉ ከተዛባ፣ አፉ ሳይከፈት አገጩ ቢወጣ፣ የተገኘው ያማረ እስር ቤት ብቻ ነው። ማደንዘዣውም አደገኛ ነው፤ አፉ በማይከፈት ልጅ ጉሮሮ ቱቦ ማስገባት ልምድ ያለው ባለሙያ ይጠይቃል።

የፊት ሥጋ የሚበላው ኖማም ጠባሳው መንጋጋ ይቆልፋል። የዓለም ጤና ድርጅት ችላ ከተባሉ የሐሩር አካባቢ በሽታዎች ዝርዝር ያስገባው ዘግይቶ፣ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 ነው። በኢትዮጵያ የዚህን በሽታ ተጎጂዎች ፊት የሚጠግኑ እንደ ፌሲንግ አፍሪካና ፕሮጀክት ሐረር ያሉ የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ከውጭ ሐኪሞች ጋር ሲሠሩ ቆይተዋል፤ የካቲት 12 ሆስፒታልም በፕላስቲክና መልሶ ጥገና ቀዶ ሕክምናው ይታወቃል።

በመኪና አደጋ መንጋጋው የተሰበረም ሰው ወደ ወጌሻ አይወሰድ። ከአደጋው በኋላ ጥርሱ እንደ በፊቱ አልገጥም ካለ፣ አጥንቱ ተሰብሮ ሊሆን ይችላል፤ መታሸት ስብራቱን ያንቀሳቅሰዋል፤ በድድ በኩል የተከፈተ ከሆነ ይመግላል። ቦታው በራጅ ታይቶ በሰሌዳና በብሎን ይታሰራል፤ ሲዘገይ ግን ጠማማ ሆኖ ይገጥማል፤ በኋላም አገጩን ለማቃናት አጥንት እንደገና መስበር ይመጣል።

ስለዚህ እናትና አባት ሆይ፣ ዛሬ ማታ ልጃችሁን አፍህን ክፈት በሉት። የራሱን ሦስት ጣቶች አቁሞ በላይኛውና በታችኛው የፊት ጥርሶቹ መካከል ማስገባት ካልቻለ፣ ወይም አገጩን ከተመታ ወዲህ አፉ እየጠበበ ከሄደ፣ ወይም ጆሮው ለረጅም ጊዜ ከመገለ፣ አትጠብቁ። ሰመራ አጠገብ ባለው የዱብቲ ሆስፒታል አሳዩት፤ ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ከተጻፈለትም ወረቀቱን ቤት አታስቀምጡት። መገጣጠሚያው በልጅነቱ ከተለቀቀ መንጋጋው ገና የማደግ ዕድል አለው።